ሞደሙ አልደውል ሲል፦ ኮሞዶር 64ን ከከተማ ዳር ማስደወል

ተርሚናል ፕሮግራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሞደም የሚደውልበትንና የሚያወራበትን ፕሮግራም፣ ከፍታችሁ፣ ከቁጥር ማውጫው አንዱን መርጣችሁ «ደውል» ስትሉት ዝም ካላችሁ፣ ወይም እየደወለ እየዘጋ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ከሆነባችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የማወራው ስለ ድሮው የቤት ኮምፒውተር ስለ ኮሞዶር 64ና ከስልክ መስመር ጋር ስለሚያገናኘው ዕቃ፣ ስለ ሞደሙ ነው። አብዛኛው ነገር ግን ለአታሪም፣ ለአሚጋም፣ ለድሮ የዶስ ኮምፒውተርም ይሠራል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። በራሱ መደወል የሚባለው ነገር የተለየ ምሥጢር የለውም። ፕሮግራሙ እናንተ በእጃችሁ ልትጽፉት የምትችሉትን ትእዛዝ ጽፎ ለሞደሙ ይልካል፣ ከዚያ ሞደሙ የሚመልሰውን ቃል ጠብቆ ያነባል። በቃ ይኼው ነው። ስለዚህ ችግሩ ወይ በሚናገረው ወይ በሚሰማው ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለይ ሞደም ይቀይራል፣ ኬብል ይገዛል፣ ሌላ ፕሮግራም ያወርዳል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ወገን እንደታመመ ለዩ።

እኔ ያለሁት ለገጣፎ በኩል ነው። እዚህ አካባቢ የስልኩ ነገር ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ቤት የድሮው የመዳብ መስመር አለ፣ ጎረቤቱ ፋይበር ገብቶለታል፣ ማዶ ያለው ሲም ካርድ የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ ነው የሚጠቀመው፣ የቀረው ደግሞ የቤት ስልክ ካየ ቆይቷል፣ ያለው ዋይፋይ ብቻ ነው። ለሞደም እነዚህ አራቱ በጣም ይለያያሉ። ወደኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ። «ኤቲ» ስል በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ኤ እና ቲ ፊደላትን ምቱ ማለቴ ነው። የመደወያዋን ትእዛዝ «ኤቲዲቲ» ስል አራቱን ፊደል አያይዛችሁ፣ ቁጥሩን አስከትላችሁ፣ ሪተርን። ይህን ቋንቋ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሄይስ ስማርትሞደም ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሞደሞች ማለት ይቻላል ሁሉም ኮርጀውታል፣ ዛሬ ያሉት የዋይፋይ ሞደሞች ሳይቀሩ።

ሶኬቱን ከመንካታችሁ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የኮሞዶር 64 ሞደም የሚሰካው ከኋላ ባለው ዩዘር ፖርት ላይ ነው። እዚያ ፖርት ላይ 10ኛውና 11ኛው ፒን 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይዘዋል። ማሽኑ በርቶ ሳለ ሞደሙን ከሰካችሁ ወይም ገልብጣችሁ ካስገባችሁት፣ አዲዮስ ቺፕ! የሚቃጠለው ብዙውን ጊዜ ዩዘር ፖርቱን የሚቆጣጠረው፣ 6526 የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ መርካቶ ወርዶ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አጥፉ፣ ሰኩ፣ አብሩ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል።

ሌላው፣ ዩዘር ፖርቱ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። ከድሮ ዴስክቶፕ ጋር የመጣ ባለ 25 ወይም ባለ 9 ፒን ውጫዊ ሞደም ካላችሁ፣ እሱ የሚጠብቀው ከዜሮ በላይና በታች የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅ ስለሆነ፣ በመሃል መቀየሪያ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ማክስ232 በምትባለው ቺፕ የሚሠሩት ርካሽና ጥሩ ናቸው። ሽቦ በሽቦ በቀጥታ ማገናኘት አይሆንም።

የኮሞዶሩን አዳፕተርም በቴስተር ለኩት። የ5 ቮልቱ መስመር ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል መሆን አለበት። እነዚህ ጥቁር ጡብ የሚያካክሉ አዳፕተሮች ሲያረጁ ቮልቴጁን ከፍ አድርገው ሚሞሪውን የመግደል መጥፎ ጠባይ አላቸው። በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉና ከሶኬቱም ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ የ110 ቮልት ነው፤ ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ነው፤ የቀረውን እናንተ ገምቱት።

መጀመሪያ በእጅ

የቁጥር ማውጫውን ለጊዜው እርሱት። ተርሚናሉ ባዶ ስክሪን ላይ ሆናችሁ ኤቲ ብላችሁ ሪተርን ምቱ። ጤነኛ ሞደም «ኦኬ» ይላል። ካላለ፣ ማውጫው ውስጥ የፈለጋችሁትን ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙም የሚያወራው በዚሁ መንገድ ነው።

ግን ቆይ። ሞደማችሁ ኤቲ የሚገባው ዓይነት ነው ወይ? የኮሞዶር 1650 ኤቲ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚደውለው ፕሮግራሙ መስመሩን እያነሳ እየዘጋ፣ እንደ ድሮው ባለ ክብ ስልክ በመቁጠር ነው። 1660ም ኤቲ አያውቅም፤ በቃና ለመደወል ደግሞ ድምፁን የሚያመነጨው የኮምፒውተሩ የድምፅ ቺፕ፣ ሲድ ነው። ለዚህም ከኮሞዶሩ የድምፅ መውጫ ወደ ሞደሙ የምትሄድ ትንሽ ኬብል አለች። ያች ኬብል ደግሞ ከዕቃው ጋር ተርፋ አትመጣም። ሁለተኛ እጅ ገዝታችሁ ሞደሙ መስመሩን እያነሳ ቃናው ግን የማይሰማ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ። 1670 ግን ኤቲ ያውቃል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 1200 ቢት ይሄዳል። ተርሚናል ፕሮግራሞቹ፣ ሲሲጂኤምኤስም ሆነ ኖቫተርም፣ የሞደም ዓይነት የምትመርጡበት ቦታ አላቸው። እዚያ ላይ 1650 ተብሎ ከተቀመጠና የሰካችሁት የሄይስ ዓይነት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሞደሙ በማይገባው መንገድ ነው የሚያናግረው።

ኤቲ የሚያውቅ ሞደም ሆኖ መልስ ካልሰጠ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛው የፊደሉ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ኮሞዶር የራሱ የፊደል ኮድ አለው፣ ፔትስኪ ይባላል። በፔትስኪ ሺፍት ሳትይዙ የምትመቱት ኤ፣ ለሞደሙ የሚደርሰው እንደ ትልቁ ኤ ሆኖ ነው፤ ይሄ ደህና ነው። ሺፍት ይዛችሁ «ትልቅ ፊደል ይሻላል» ብላችሁ ከመታችሁ ግን የሚሄደው ኮድ 193 ነው፣ እሱን አንዳንዱ ሞደም 8ኛዋን ቢት ትቶ እንደምንም ያነበዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለዚህ በኮሞዶር ሞድ ከሆናችሁ ሺፍት አትንኩ። በአስኪ ሞድ (ሌሎች ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ከሆናችሁ ወይ ሁለቱንም በትልቁ ወይ ሁለቱንም በትንሹ ጻፉ። አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ ካደረጋችሁት አብዛኛው ሞደም አይቀበልም። የመነሻ ትእዛዙን (ፕሮግራሙ ከመደወሉ በፊት ሞደሙን ለማዘጋጀት የሚልከውን) እና የመደወያ ቅጥያውን (ከቁጥሩ ፊት የሚያስቀድማትን ኤቲዲቲ) በፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ስትጽፉም ይሄው ሕግ ነው። በእጅ የሚሠራው በማውጫ እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ሴቲንግ ውስጥ የተቀመጠችው ኤቲ በሺፍት ተጽፋ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ከተበተነ ፍጥነቱ አልገጠመም ማለት ነው። ከ300 ጀምሩ፣ ከዚያ 1200። ኮሞዶሩ በራሱ አሠራር ከ1200 በላይ ሲሄድ መንገዳገድ ይጀምራል፤ 2400 አንዳንዴ ይሠራል፣ 9600 ከፈለጋችሁ ግን የተለየ የሽቦ አገናኝና እሱን የሚያውቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። የአሜሪካው ኮሞዶር 64 የሚሄደው በ1.023 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአውሮፓው በ0.985። ልዩነቱ ከ4 በመቶ ትንሽ ያንሳል። ሰዓት አጠባበቁን ለአሜሪካው ማሽን ብቻ ቆጥሮ የጻፈ ፕሮግራም በአውሮፓው ማሽን ላይ ሲከፈት ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይዛነፋል፣ አንዱ ፊደል ይገባል፣ አንዱ ይበላሻል። «ኦኬ» የምትለዋ ቃል ትክክል መጥታ ረዘም ያለው መልስ ከተበላሸ ይህን ጠርጥሩ። ሁለቱንም ማሽን የሚያውቅ ፕሮግራም መፈለግ ነው መፍትሔው።

ሦስተኛው፣ ሞደሙ ይሰማችኋል ግን እንዳይመልስ ታዟል። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ኤቲኪው1 ብሎት አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፣ «አፍህን ዝጋ» ማለት ነው። የምትጽፉት ካልታያችሁ ደግሞ ኤቲኢ1። ሳታዩ ኤቲ&ኤፍ ብላችሁ ሪተርን ምቱ፣ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት ያሉት ግን ይህችን ላያውቋት ይችላሉ፤ ለእነሱ ኤቲዜድ።

«ኦኬ» ካለ በኋላ፣ ኤቲዲቲ ብላችሁ የራሳችሁን የሞባይል ቁጥር አስከትሉ። ሞባይላችሁ ከጠራ ሞደሙም መስመሩም ጤነኞች ናቸው፣ ጥፋቱ በፕሮግራሙ በኩል ነው፤ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። ስታነሱት ዝም ቢል አትደንግጡ። በ300 እና በ1200 የሚሠራ ሞደም ሲደውል ራሱ አይጮህም፣ የሚጠብቀው ከወዲያ የሚመጣውን ፉጨት ነው።

በእጅ እየደወለ በማውጫ ሲያቅተው

እዚህ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

በመጀመሪያ የመስመር መዝለያውን እዩ። ተርሚናል ፕሮግራሞች ሪተርን በተመታ ቁጥር «ላይንፊድ» የሚባል ተጨማሪ ምልክት የሚልኩበት ምርጫ አላቸው። ሞደም ደግሞ እየደወለ ሳለ ከኮምፒውተሩ ማንኛውም ፊደል ከመጣለት «ሐሳቡን ቀየረ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ልኮ፣ ሪተርን ልኮ፣ ወዲያው ላይንፊድ ሲያስከትል፣ ሞደሙ ገና መስመሩን ሳያነሳ ራሱ ፕሮግራሙ ሰረዘው ማለት ነው። የምታዩት «ኖ ካሪየር» (የወዲያኛውን ሞደም ፉጨት አላገኘሁም) ነው፣ ያውም በሰከንድ ውስጥ። መስመሩን አንስቶ ለመጠበቅ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ የመጣ «ኖ ካሪየር» ካያችሁ፣ ይህን ምርጫ አጥፉት። እግረ መንገዴን፦ ሲደወል ኪቦርዱን አትነካኩ፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

ቀጥሎ ጥድፊያ። ፕሮግራሙ መነሻ ትእዛዙን ይልካል፣ ሞደሙ እሱን ገና እያሰበ ሳለ የመደወያውን ትእዛዝ ይልክበታል፣ ሞደሙ የሁለተኛውን መጀመሪያ ሳይሰማው ያልፋል። ኤቲዜድ በተለይ ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ «~» የምትለዋ ምልክት ግማሽ ሰከንድ ቆይ ማለት ናት፤ ከኤቲዜድና ከሪተርኑ በኋላ ሁለት ሦስቷን ጨምሩ። ፕሮግራማችሁ ይህች ምልክት ከሌለችው መነሻ ትእዛዙን ጭራሽ ከመደወያው አውጡትና ፕሮግራሙ ሲከፈት አንዴ በእጃችሁ ስጡት። ትእዛዙን አታስረዝሙት ደግሞ። የመጀመሪያው ስማርትሞደም በአንድ ትእዛዝ የሚይዘው 40 ፊደል ነው፣ ከዚያ ካለፈ «ኤረር» ነው መልሱ።

ከዚህ በኋላ የመስማቱ ወገን። ሞደሙ በሁለት መንገድ ይመልሳል፦ በቃል ወይም በቁጥር። ኤቲቪ1 ካላችሁት «ኮኔክት»፣ «ቢዚ»፣ «ኖ ካሪየር» ይላል። ኤቲቪ0 ከሆነ ቁጥር ብቻ ነው፤ 0 ኦኬ ነው፣ 1 ኮኔክት፣ 3 ኖ ካሪየር፣ 7 ቢዚ። ፕሮግራሙ «ኮኔክት» የምትለዋን ቃል እየጠበቀ ሞደሙ «1» ብሎት ዝም ካለ፣ ወዲያ ማዶ ያለው አንስቶ እያፏጨ ፕሮግራሙ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋውና እንደገና ይደውላል። ያ የተናገርኩት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ከዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው። በፕሮግራሙ ማኑዋል ውስጥ የትኛውን እንደሚጠብቅ አይታችሁ መነሻ ትእዛዙ ላይ ቁርጡን ጻፉት።

ኤቲኤክስ የምትባለዋም ትልቅ ቦታ አላት። ኤክስ0 ላይ ያለ ሞደም መስመር ቢያዝም አይነግራችሁም፤ ለፕሮግራሙ «ቢዚ» የሚባል መልስ ስለማይደርሰው የተቀመጠለትን ሰከንድ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ኤክስ4 ሁሉንም ይናገራል፣ ግን የመስመሩን ቃና ካልሰማ አይደውልም። ኤክስ3 ለእኛ የምትሻል ናት፦ ቃናውን ሳይጠብቅ ይደውላል፣ መያዙን ግን ይናገራል። ለምን እንደምትሻል ስለ መስመር ሳወራ ታያላችሁ።

የካሪየር ሽቦ ደግሞ አለ። ዩዘር ፖርቱ ላይ ፒን ኤች ላይ የምትመጣው ምልክት «ተገናኝተናል» የምትል ናት። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቃሉን አያነቡም፣ የሚያዩት ይህችን ሽቦ ነው። አንዳንድ የኮሞዶር ሞደሞችና ቤት የተሠሩ መቀየሪያዎች ደግሞ ምልክቷን ገልብጠው ነው የሚሰጡት። ያኔ ፕሮግራሙ ገና ሳይደውል «ተገናኝቷል» ይላችኋል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ «ኮኔክት» ተጽፎ እያያችሁ እሱ ዘግቶ ይደግማል። ፕሮግራሙ ውስጥ ምልክቷን የሚገለብጥ ምርጫ ካለ ቀይሩት። ኤቲ&ሲ1 ካሪየሯ እውነቱን እንድትናገር ታደርጋለች፤ ኤቲ&ሲ0 ከሆነ ሁልጊዜ «አለሁ» ነው የምትለው። በተቃራኒው ዲቲአር የሚባለው ሽቦ ካልተገናኘ ሞደሙ «ኮምፒውተሩ የለም» ብሎ በራሱ ይዘጋል፤ ለጊዜው ኤቲ&ዲ0 ብላችሁ ችላ እንዲለው አድርጉና ከዚያ ሽቦውን ፈልጉ።

ሰከንዶቹንም አስታርቁ። ሞደሙ ወዲያ ያለው እስኪመልስ የሚጠብቀው ኤስ7 በሚባለው መዝገብ ልክ ነው፣ በብዙዎቹ 30 ወይም 50 ሰከንድ ሆኖ ይመጣል። ፕሮግራሙም የራሱ ቆጠራ አለው። የፕሮግራሙ ካነሰ ሁለቱ ሞደሞች እየተዋወቁ ሳለ ይዘጋባቸዋል። ኤቲኤስ7=60 አድርጉ፣ የፕሮግራሙን ደግሞ 70።

አንድ የጀርመን ወይም የሌላ አውሮፓ አገር ሞደም የደረሳችሁ እንደሆነ ይህንንም እወቁ። በዚያ ዘመን አንዳንዱ አገር ሞደም ያንኑ ቁጥር ያለማቋረጥ እንዳይደውል በሕግ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ሞደሙ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ያንን ቁጥር ራሱ ይዘጋዋል፤ «ዲሌይድ» ወይም «ብላክሊስትድ» ይላችኋል። አልተበላሸም። አጥፍታችሁ አብሩት፣ በሙከራዎች መካከል ያለውንም ጊዜ አርዝሙት።

መስመሩ ራሱ

ከአሜሪካ የመጣ ሞደም የሚያውቀው የአሜሪካን የመስመር ቃና ነው፣ 350 እና 440 ኸርዝ ተደባልቆ። ሌላ አገር ያለው ቃና ከዚህ ስለሚለይ፣ እጀታውን ስታነሱ ቱ... የሚለው በጆሯችሁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ሞደሙ «ኖ ዳያልቶን» ይላል። ኤቲኤክስ3 ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ኬብሉንም እዩ። መስመሩ የሚመጣው በትንሿ መሰኪያ መሃል ባሉት ሁለት ክሮች ነው። ከአውሮፓ የመጡ አንዳንድ ኬብሎች ሌሎቹን ክሮች ነው የሚጠቀሙት፣ መሰኪያው ግን ልክ ይገባል። ይገባል ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። በዚያው መስመር ላይ ኢንተርኔት ካላችሁ ደግሞ ሞደሙ ከስፕሊተሩ የስልክ ቀዳዳ ይምጣ።

አሮጌ ማውጫ ያለበት ዲስክ ካገኛችሁ ቁጥሮቹን አትመኑ። የአዲስ አበባ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. ነው ከ6 አሃዝ ወደ 7 ያደገው፣ መለያውም ከ01 ወደ 011 የተቀየረው። መጀመሪያ በተራ ስልክ ደውሉ፤ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚጠራ አረጋግጡና ያንኑ ማውጫው ውስጥ አስገቡ። ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ ለመውጣት 9 የምትመቱ ከሆነ ከ9 በኋላ ኮማ ጣል አድርጉ፤ አንዷ ኮማ 2 ሰከንድ ታቆያለች። በቁጥሩ መካከል ሰረዝና ክፍተት ሞደሙ አይቆጥረውም፣ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ክፍተት ሲያይ እዚያው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ አሃዞቹን ብቻ አስገቡ።

ክረምት ሲገባ በዳር ሰፈር ያለው የመዳብ መስመር መንጫጫት ይጀምራል፣ ምሰሶው ላይ ያለችው ሳጥን ውሃ ትጠጣለች። እጀታውን አንሱና አንድ አሃዝ ምቱ፣ ቃናው ይጠፋል፤ ያኔ የሚቀረውን አዳምጡ። ጭር ካለ ጥሩ። ከተንጫጫ ወይም የሩቅ ሰው ወሬ ከተሰማ፣ ወደ 300 ውረዱ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሌላው ሁሉ በሚወድቅበት መስመር ላይ ይሄዳል። በ300 ደግሞ የአሜሪካው ቤል 103 እና የአውሮፓው ቪ.21 አይግባቡም፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በ1200 ብዙዎቹ ይግባባሉ፤ ካልተግባቡ ኤቲቢ0 ወይም ኤቲቢ1 ሞክሩ።

ፋይበር የገባላችሁ ሰዎች፣ ስልካችሁ የሚወጣው ከዚያች ነጭ ሳጥን ነው፤ ድምፁ እንደ ዳታ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። 300 እና 1200 ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ ዕድል ነው። በመቁጠር የሚደውለው 1650 ግን ሳጥኗ ቆጠራውን ካልተረዳችለት ቃናው አይጠፋም። እዚያው ታውቁታላችሁ።

ባለ ሲም ካርዱ የጠረጴዛ ስልክ? ተዉት። ሽቦ ቢወጣለትም በመሃል ያለው የሞባይል ኔትወርክ ድምፁን የሚያጭቀው ለሰው ንግግር እንዲስማማ ነው፣ የሞደም ፉጨት በዚያ ውስጥ ደህና ሆኖ አይወጣም። ይጠራል፣ ይነሳል፣ ይፏጫል፣ አይገናኝም። እዚህ ላይ ቅዳሜያችሁን አታቃጥሉ።

ማን ዘንድ ነው የምንደውለው ካላችሁ፣ መልሱ አጭር ነው፦ እርስ በርሳችን። እኔ ሰበታ ያለ ጓደኛ አለኝ፣ አሮጌ ዴስክቶፑ ላይ ኤቲኤስ0=1 ብሎ ይተወዋል፣ በአንድ ጥሪ ያነሳል። ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ አዲስ አበባ በኢሲኤ (በተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ግቢ ፓዲስ የሚባለው ክፍል፣ ኮምፒውተሮች በስልክ እየተደዋወሉ መልእክት በሚለዋወጡበት በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ ሰዎች በሞደም እየደወሉ መልእክታቸውን ይልኩና ይወስዱ ነበር። በስልክ እየተደወለ የሚገባበት ኢንተርኔት የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። ማለቴ፣ እኛ የምናደርገው ነገር ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም።

ዋይፋይ ብቻ ካላችሁ

ኢኤስፒ8266 በምትባል ቺፕ የሚሠሩ የዋይፋይ ሞደሞች አሉ። ኮሞዶሩ ስልክ የደወለ ይመስለዋል፣ እውነቱ ግን ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ነው የሚከፈተው። ከቁጥር ይልቅ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የፖርት ቁጥር ነው የምትሰጡት፣ ለምሳሌ 23 ወይም 6400።

ቺፗ የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተራችሁ በ5 ብቻ ከተቀመጠ አታየውም። ፓስወርድ ላይ ደግሞ ያ የፔትስኪ ነገር ይመጣል፦ በኮሞዶር ሞድ ሆናችሁ ትንሽ ብላችሁ የምትጽፉት ፊደል ትልቅ ሆኖ ነው የሚደርሳት፣ ስለዚህ ፓስወርዱ ትክክል እየሆነ «ተሳስቷል» ትላለች። ፓስወርድ ስትጽፉ ወደ አስኪ ሞድ ቀይሩ።

የኤሌክትሪኩን ነገር አትናቁ። ዩዘር ፖርቱ ከ5 ቮልቱ የሚሰጠው 100 ሚሊአምፒር ነው። ቺፗ ሬዲዮዋን ስትጠቀም ለቅጽበት ከዚያ በላይ ትስባለች። ኤቲ ስትሏት «ኦኬ» የምትል፣ ደውል ስትሏት ግን ዝባዝንኬ ምልክት ተፍታ እንደ አዲስ የምትነሳ ከሆነ ረሃብ ነው፤ ከውጭ ባለ 5 ቮልት አዳፕተር መግቧት፣ ግራውንዱን ብቻ ከኮሞዶሩ ጋር አገናኙ። ሲበራ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ዝባዝንኬ ግን ችግር የለውም፣ ቺፗ ስትነሳ በ74880 ባውድ የምታወራው ነው።

ዋናው ጣጣ ማውጫው ነው። የድሮ ፕሮግራሞች በቁጥሩ ቦታ ላይ ፊደል አይቀበሉም፣ ወይም ቦታው አጭር ነው። መውጫው ይሄ ነው፦ አድራሻውን ሞደሟ ውስጥ አስቀምጡት፣ በብዙዎቹ ኤቲ&ዜድ1= ብላችሁ አድራሻውን አስከትሉ፣ ከዚያ ኤቲዲኤስ1 ሲባል እሱን ትደውላለች። በፕሮግራሙ ውስጥ የመደወያ ቅጥያውን ከኤቲዲቲ ወደ ኤቲዲኤስ ቀይሩ፣ በማውጫው ቁጥር ቦታ ላይ 1 ብቻ ጻፉ። አለቀ። አጻጻፉ በየፈርምዌሩ (ሞደሟ ውስጥ በተጫነው ፕሮግራም) ትንሽ ይለያያል፣ የእናንተን እዩ። ቲሲፒሰር የሚባለውን፣ ኮምፒውተርን እንደ ሞደም የሚያደርግ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ካስኬዳችሁም እንዲሁ ነው፤ ልብ ወለድ ስልክ ቁጥር ከአድራሻ ጋር ታስተሳስሩለታላችሁ፣ ኮሞዶሩ ያንን ቁጥር ይደውላል።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ፣ ለሁሉም ሞደም። የመጀመሪያው ጥሪ ተሳክቶ ሁለተኛው ላይ ዝም ካላችሁ፣ ሞደሙ ገና ከፊተኛው ጋር ተገናኝቶ ነው ያለው። ኤቲዲቲ ብሎ ፕሮግራሙ የሚልከው ለሞደሙ አይደርሰውም፣ ወዲያ ላለው ሰው ነው የሚሄድበት። እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንስታችሁ አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ +++ ምቱ፣ ሪተርን ሳትመቱ እንደገና አንድ ሰከንድ ቆዩ። «ኦኬ» ሲል ኤቲኤች ብላችሁ ዝጉት፣ ከዚያ ማውጫውን ክፈቱ።